ኤን14 ላይ ቅደም ተከተሉ ግራ ገባኝ፣ መድኃኒቱ ይቅደም ወይስ ኩላሊቱ?

ቤዛ_ኮደር

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። ቢሊንግ ላይ ቆይቼ አሁን ወደ ኢንፔሸንት ኮዲንግ፣ ማለትም የተኙ በሽተኞችን ምርመራ በኮድ ወደ መመዝገቡ ስራ፣ ተዛውሬያለሁና ኩላሊት ላይ ያለው ነገር እያወዛገበኝ ነው፣ በተለይ ኤን14 የሚባለው፣ መድኃኒትና ከባድ ብረቶች ኩላሊት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት የሚገባበት ማለቴ ነው። መጽሐፉ ላይ ሳነበው ይገባኛል፣ ቻርቱን ስከፍተው ግን ያነበብኩት ሁሉ ይምታታብኛል። አሁን ሦስት ቻርት ይዣለሁ፣ ገና ፋይናል አላደረግኳቸውም፣ ሳልልካቸው በፊት ሐሳባችሁን ብሰማ ደስ ይለኛል።

አንደኛው የ62 ዓመት ሴት ናት፣ ለጉልበት ህመም ያለ ማዘዣ ኢቡፕሮፌን እየገዛች ለሳምንታት ስትወስድ ቆይታ ክሪያቲኒኗ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ከፍ የሚለው) 3.1 ደርሶ ተኛች። ዶክተሩ ዲስቻርጁ ላይ «በኢቡፕሮፌን ምክንያት የመጣ ኤኬአይ» ብሎ ጽፏል፣ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ማለት ነው፣ ከዛ ውጪ ስለ ኩላሊቷ ምንም የለም። አንዷ ባልደረባዬ ኢቡፕሮፌን የህመም ማስታገሻ ስለሆነ ኤን14.0 ነው ትላለች፣ ሌላው ደግሞ የለም ኤን14.19 ነው ይላል፣ እኔ መሀል ላይ ቀረሁ።

ሁለተኛው ድሮ የባትሪ እርሳስ የሚቀልጥበት ቦታ ይሰራ የነበረ ሰው ነው፣ ምርመራው «ክሮኒክ ሌድ ኔፍሮፓቲ» (እርሳስ ያመጣው ሥር የሰደደ የኩላሊት ጉዳት) ይላል፣ ሲኬዲ (ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ) ስቴጅ 3ቢ አለው፣ የደም ግፊትም አለበት። የብረት መመረዙ ኮድ ቲ56 ይቅደም ወይስ የኩላሊቱ ኤን14.3?

ሦስተኛው ሲቲ ስካን ሲነሳ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላው ነገር) ተሰጥቶት በሁለተኛው ቀን ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ነው፣ «ኮንትራስት ኢንዲውስድ ኔፍሮፓቲ» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ኤን14.1 ብዬ ሳስገባ ሲስተሙ ኮዱ አልተሟላም ይለኛል።

የምንጠቀመው አይሲዲ-10-ሲኤም ነው፣ የአሜሪካው የበሽታ ኮድ ዝርዝር። በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ሳሚ_ኦዲት

እህቴ ቤዛ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይሄ ምድብ ብዙ ክሌይም (የክፍያ ጥያቄ) የሚመለስበት ቦታ ስለሆነ ሳትልኪ መጠየቅሽ ትክክል ነው።

ከቀላሉ ልጀምር፣ ሦስተኛው። ኤን14.1 ብቻውን ድሮ ይሰራ ነበር፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ግን ለሁለት ተከፍሏል፣ ኤን14.11 ለኮንትራስት፣ ኤን14.19 ለሌሎች መድኃኒቶች። ስለዚህ ያንቺ ኤን14.11 ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ቲ50.8ኤክስ5ኤ ይገባል፣ ይሄ ለምርመራ የሚሰጡ ነገሮች አድቨርስ ኢፌክት ነው፣ በትክክል ተሰጥቶ ያደረሰው ጉዳት ማለት ነው። ኮንትራስቱ በትክክል ታዞ በትክክል ስለተሰጠ ኩላሊቱ ይቀድማል ቲው ይከተላል። ዶክተሩ ከኔፍሮፓቲው ጋር ኤኬአይም ብሎ ከጻፈ ኤን17.9 ይጨመራል፣ ኤን17 ስር «ኮድ ኦልሶ» የሚል ማስታወሻ አለ፣ መነሻ የሆነውን ችግርም አብራችሁ ኮድ አድርጉ ማለት ነው፣ ማን ይቅደም ግን አይልም፣ እሱን የሚወስነው ሰውየው የተኛበት ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ኢቡፕሮፌኗ ሴት። እዚህ ጋ ባልደረቦችሽ የሚከራከሩት ኤን14 እንደሚገባ ሁለቱም አምነው ነው፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ኤን14 ራሱ ይገባል ወይ የሚለውን ነው። ዶክተሩ የጻፈው ኤኬአይ ነው፣ ኔፍሮፓቲ የሚል ቃል የለም። ኤኬአይ ኢንዴክሱ ላይ ወደ ኤን17.9 ነው የሚወስድሽ፣ ምክንያቱን ደግሞ ቲ39.315ኤ ይነግርሻል፣ ኢቡፕሮፌንና ናፕሮክሲን ያሉበት የፕሮፒዮኒክ አሲድ ቡድን ነው። በቃ ሁለቱ ይበቃሉ። ኤን14ን እኛ ከራሳችን አንጨምርም፣ መድኃኒት ኩላሊት ጎዳ የሚለው ሐሳብ ስለተመሳሰለ ብቻ ኔፍሮፓቲ ብለን መተርጎም የኮደር ስራ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ግን ቲ39.315ኤ ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። መመሪያው ላይ መድኃኒቱ በማዘዣ ወይም ያለ ማዘዣ መወሰዱ ብቻውን አይወስንም፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ወስዳ ከሆነ አድቨርስ ኢፌክት ነው፣ አምስት ያለበት ኮድ። ከተጻፈው በላይ ስትውጥ ከነበረ ግን ፖይዝኒንግ (መመረዝ) ይሆናል፣ አምስቱ ወደ አንድ ይቀየራል፣ ቲ39.311ኤ ማለት ነው፣ ያኔ ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል፣ ቲው ፊት ይመጣና ኤን17.9 ይከተላል። ሌላም አለ፣ በሐኪም የታዘዘላት መድኃኒት ኖሮ ሳታማክር ኢቡፕሮፌን ጨምራ ሁለቱ ተጋጭተው ከሆነ እሱም በፖይዝኒንግ ነው የሚመዘገበው። ነርሷ ስትቀበላት የጻፈችውን የመድኃኒት ታሪክ ፈልጊ፣ ብዙ ጊዜ በቀን ስንት ፍሬ እንደምትወስድ እዛ ውስጥ ይገኛል፣ ዶክተሩ ማጠቃለያው ላይ አይደግመውም። ከነርሷ ወረቀት ብቻ ተነስተሽ ግን አትወስኚ፣ ከመጠን በላይ መሆኑ እዛ ላይ ከታየሽ ዶክተሩን ጠይቂና እሱ ይጻፈው።

ሃና_ቻርት

ሳሚ ባለው እስማማለሁ፣ ኤን14.0 ላይ ግን ትንሽ ልጨምር ምክንያቱም ያቺ ባልደረባሽ ያለችውን ነገር ከብዙ ሰው ስለምሰማው ነው።

ኤን14.0 «አናልጀሲክ ኔፍሮፓቲ» ነው፣ ይሄ ማንኛውም ማስታገሻ ኩላሊት ሲጎዳ የሚገባበት ሳጥን አይደለም። የራሱ ታሪክ ያለው በሽታ ነው፣ ሰዎች አስፕሪን፣ ፊናሲቲንና ካፌይን የተቀላቀለበትን ክኒን ለዓመታት በየቀኑ ሲወስዱ ኩላሊታቸው ቀስ እያለ ይሞት ነበር፣ በተለይ ፓፒላ የሚባለው የኩላሊት ጫፍ ይበሰብስ ነበር። ፊናሲቲን አሜሪካ ውስጥ በ1983 ከገበያ የወጣው ከዚህ ጉዳት ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ ለሳምንታት ኢቡፕሮፌን ወስዳ ክሪያቲኒኗ ከፍ ያለን ሴት ኤን14.0 ስትሰጪያት ለዓመታት ማስታገሻ ስትውጥ የኖረች በሽተኛ ነች እያልሽ ነው፣ ቻርቱ ግን እንደዛ አይልም። ይሄ ኮድ ነገ ተነገ ወዲያ ሌላ ሐኪም የሚያነበው መዝገብ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ክፍያው ብቻ አይደለም ጉዳዩ።

ዶክተሩን መጠየቅ ከፈለግሽ ክዌሪሽን (የምትልኪለትን የጽሑፍ ጥያቄ) እንዲህ አታርጊው፣ «ኤን14.19 ብለን ብንጽፍ ይስማማሉ?» ይሄ መልሱን አፉ ውስጥ ማስገባት ነው። እኔ የምጽፈው ለምሳሌ፦ «በሽተኛዋ ኢቡፕሮፌን ስትወስድ እንደነበር፣ ክሪያቲኒን 3.1 እንደነበርና ኤኬአይ በኢቡፕሮፌን ምክንያት እንደመጣ ተመዝግቧል። እባክዎ የኩላሊቱን ጉዳት ዓይነት በተቻለ መጠን ይግለጹ፦ አኪዩት ቱቡላር ኔክሮሲስ፣ በመድኃኒት የመጣ ኔፍሮፓቲ፣ ኤኬአይ ብቻ፣ ሌላ፣ ማወቅ አይቻልም።» ምርጫው ሁሉ ክሊኒካል መሰረት ያለው ይሁን፣ መውጫም ይኑረው። ኔክሮሲስ (የቱቦው ሴል መሞት) ካለ ኤን17.0 ይሆናል፣ እሱ ደግሞ የክብደት ደረጃው ስለሚለይ የክፍያውም ሁኔታ ይቀየራል፣ ለዛ ነው ጥያቄው ንጹህ መሆን ያለበት።

ዶክተር_ሐ

ኔፍሮሎጂ ላይ ነው የምሰራው፣ ኮዲንጉን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ግን ሃናና ሳሚ ያነሱት ልዩነት በሽተኛው አልጋ ላይ እውነተኛ ልዩነት ስለሆነ ከኛ በኩል ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ።

ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የመሳሰሉት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ነገር ይከለክላሉ፣ እሱ ደግሞ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቀጭን ስር ክፍት አርጎ የሚይዝ ነው፣ በተለይ ሰውየው ፈሳሽ ሲያንሰው ወይ ልቡ ሲደክም። ሲከለከል ስሩ ይጠባል፣ ማጣሪያው ላይ ግፊት ይወርዳል፣ ክሪያቲኒን ይወጣል። ቱቦው ራሱ ግን ላይነካ ይችላል፣ መድኃኒቱ ሲቆምና ፈሳሽ ሲሰጥ በቀናት ይመለሳል። ይሄ ኤኬአይ ነው እንጂ ቱቦና በቱቦው ዙሪያ ያለው ህዋስ የተበላሸበት ኔፍሮፓቲ አይደለም፣ ኤን14 ደግሞ ርዕሱን ብታዩት የቱቦና የቱቦ ዙሪያ ችግር ነው የሚለው። ስለዚህ ዶክተሩ ኤኬአይ ብቻ ሲጽፍ ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል፣ ያየውን ነው የጻፈው።

ጄንታማይሲን በተቃራኒው የቱቦውን ሴል ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል፣ ክሪያቲኒኑ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ከተወሰደ በኋላ ነው፣ ሽንት ደግሞ ላይቀንስ ስለሚችል ሰው ላያስተውለው ይችላል። ሲስፕላቲንም እንደዛው ቱቦ ነው የሚመታው፣ ማግኒዚየም በሽንት ያፈሳል፣ ቻርቱ ላይ የማግኒዚየም ማነስ ካያችሁና ዶክተሩ ከመድኃኒቱ ጋር ካያያዘው እሱም ለብቻው ኮድ አለው። ኮንትራስት ላይ ክሪያቲኒን በ24 እስከ 48 ሰዓት መነሳት ይጀምራል፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ጫፍ ይደርሳል፣ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ይመለሳል። የቤዛ ሦስተኛ ቻርት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

አንድ ነገር ግን በጣም ላሳስብ፣ ብረት ስለሆነ ብቻ ሁሉም ኤን14.3 አይገባም። ሊቲየም ብረት ነው ግን ከባድ ብረት አይደለም፣ ደግሞ ለአእምሮ ህመም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፣ ኔፍሮፓቲ ካመጣ እንደ መድኃኒት ነው የሚታየው። ሜርኩሪ ሌላው ነው፣ ቆዳ ማንጫ ክሬም ውስጥ ያለ ሜርኩሪ ብዙ ጊዜ የሚመታው ቱቦውን ሳይሆን ማጣሪያውን ነው፣ ባዮፕሲው ሜምብራነስ ኔፍሮፓቲ ይላል፣ እግር ያብጣል፣ ሽንት ውስጥ ብዙ ፕሮቲን ይወጣል። እዛ ላይ ባዮፕሲ ሪፖርቱን ሳታነቡ ሜርኩሪ ስላለ ብቻ ኤን14.3 ብላችሁ እንዳትጽፉ አደራ።

ሳሚ_ኦዲት

ዶክተር እግዜር ይስጥልን፣ የሜርኩሪው ነገር ለኛ ትልቅ ጥቅም አለው። ልክ ነዎት፣ ዶክተሩ ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ከሰከንደሪ ሜምብራነስ ኔፍሮፓቲ ጋር ብሎ ከጻፈ ኤን04.22 ነው የሚሆነው፣ ሜርኩሪው ደግሞ ቲ56.1 ላይ ይገባና እሱ ይቀድማል። ሊቲየም ካርቦኔትም ኮዱ ቲ43.595ኤ ነው ከኤን14.19 ጋር፣ ሽንት አላቆም ያለው የሊቲየም በሽተኛ ደግሞ ኔፍሮጂኒክ ዲያቢቲስ ኢንሲፒደስ ተብሎ ከተጻፈ ኤን25.1 አለው።

ወደ እርሳሱ ሰውዬ ልመለስ። መድኃኒት ሲሆን ሁለት መንገድ አለን፣ አድቨርስ ኢፌክት ወይም ፖይዝኒንግ። እርሳስን ግን ማንም ሰው በትክክለኛ መጠን አዞ አይሰጥም፣ ስለዚህ ቲ51 እስከ ቲ65 ባሉት ኮዶች ላይ አምስት የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ድንገተኛ፣ ሁለት ራስን ለመጉዳት፣ ሦስት ጥቃት፣ አራት ያልታወቀ ነው። ቻርቱ ስለ ሐሳብ ምንም ካላለ አንድ ነው የሚወሰደው። አራትን «አላውቅም» ብለሽ አትጠቀሚው፣ ማወቅ እንዳልተቻለ ሐኪሙ ራሱ ሲጽፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ቲ56.0ኤክስ1ኤ መጀመሪያ፣ ኤን14.3 ቀጥሎ፣ ኤን18.32 ለስቴጅ 3ቢ። ኤን14 ስር ያለው ማስታወሻ ራሱ መመረዝ ካለ እሱን አስቀድሙ ይላል።

አርሴኒክ የሚያጋጥምሽ ቀን ደግሞ ቲ56 ውስጥ ስትፈልጊ ብዙ እንዳትደክሚ፣ እሱ ቲ57.0 ላይ ነው ያለው። ካድሚየም ቲ56.3 ነው።

ጋሻው_ዳታ

ሌላ ቦታ የሚሰራ ሰው ይሄን ካነበበ እንዳይደናገር ልጨምር። እኛ የምንጠቀመው የአለም ጤና ድርጅትን አይሲዲ-10 ነው፣ የሲኤሙን አይደለም፣ እና ከላይ የተባለው ግማሹ እኛ ጋር አይሰራም። ኤን14.11 የሚባል የለንም፣ ኮንትራስትም ሌላ መድኃኒትም ኤን14.1 ላይ ነው የሚያርፉት። የቲ ኮዶቹ ላይ አምስትና አንድ እያልን አንለይም፣ ሰባተኛ ፊደልም የለም። በትክክል የተወሰደ መድኃኒት ጉዳት ሲያመጣ መድኃኒቱን የምንለየው በዋይ ኮድ ነው፣ ኮንትራስት ዋይ57.5፣ ጄንታማይሲን ዋይ40.5፣ ኢቡፕሮፌን ዋይ45.2። እርሳስ ሲሆን ቲ56.0 ይቀመጥና የውጪው ምክንያት በኤክስ49 ይጨመራል። የኤን14 ከ0 እስከ 4 ያለው አከፋፈል ግን አንድ ነው፣ 2 ያልታወቀ መድኃኒት፣ 3 ከባድ ብረት፣ 4 ሌላ ቦታ ያልተመደበ መርዝ።

እኔ በበኩሌ ኤን14.2 ሲበዛ ሳይ ያሳዝነኛል፣ ዳታውን አብረን ስንቆልል የትኛው መድኃኒት ሰው እየጎዳ እንደሆነ ማየት አንችልም። መድኃኒቱ ስሙ ቻርቱ ውስጥ የሆነ ገጽ ላይ አለ እኮ፣ የመድኃኒት መስጫ ወረቀቱ ላይ ይገኛል፣ ዶክተሩ ደግሞ ሲጠየቅ አያይዞ ይጽፈዋል፣ እባካችሁ ሁለት ደቂቃ ወስዳችሁ ፈልጉት።

ቤዛ_ኮደር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፣ ዶክተር እርስዎንም በተለይ፣ የኢቡፕሮፌኑ አሰራር እንደዛ መሆኑን ስረዳ ኮዱ ለምን እንደዛ እንደሆነ ገባኝ። የነርሷን ወረቀት አገኘሁት፣ በቀን ሦስት ጊዜ 400 ሚሊግራም ይላል፣ የፓኬቱ መጠን ደግሞ በቀን እስከ 1200 ስለሆነ ያላለፈች ይመስለኛል፣ ፓኬቱ ላይ ስላለው የቀን ገደብ ግን ዶክተሩን ጠይቄያለሁ፣ ለሳምንታት ስለወሰደች።

እርሳሱ ላይ ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ ሰውየው ያንን ስራ ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ አሁንም የቲ ኮዱን ሰባተኛ ፊደል ኤ ነው የምለው? የደሙ የእርሳስ መጠንም ያን ያህል ከፍ ያለ አይደለም፣ ታዲያ ምርመራውን ልቀበለው? ሁለተኛ የደም ግፊቱን በአይ10 አስገባሁት፣ ሲስተሙ ግን ሲኬዲ ስላለ አስጠነቀቀኝ።

ዶክተር_ሐ

የደሙ መጠን ዝቅ ማለቱ አያስገርምሽ። እርሳስ ከደም ውስጥ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፣ አጥንት ውስጥ ግን ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፣ ኩላሊቱን የጎዳው የድሮው መጋለጥ ሊሆን ይችላል። ካድሚየምም ኩላሊት ውስጥ ከ10 እስከ 30 ዓመት ግማሽ ዕድሜ አለው። ክሮኒክ ሌድ ኔፍሮፓቲ የምንለው የስራ ታሪኩን፣ የኩላሊቱን መጨማደድ፣ የሪህ መኖርን፣ የደም ግፊትን አንድ ላይ አይተን ነው፣ በአንድ የደም ምርመራ አይደለም። ሐኪሙ ከጻፈው ተቀበይው።

ሳሚ_ኦዲት

ዶክተሩ እንዳሉት ምርመራው የሐኪሙ ነው፣ ላብ ቁጥሩ ዝቅ ስላለ አንጥለውም፣ ከፍ ስላለም እኛ ኔፍሮፓቲ ብለን አንጨምርም። ከፍ ያለ የእርሳስ መጠን ብቻ ተጽፎ ሌላ ምርመራ ከሌለ አር78.71 አለ፣ መጋለጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዜድ77.011፣ ሁለቱም ያንቺ ሰውዬ ላይ አይገቡም።

ሰባተኛው ፊደል ላይ፣ እርሳሱ ራሱ አሁን እየታከመ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኪሌሽን (እርሳሱን ከሰውነት የሚያስወጣ ሕክምና) እየተሰጠው ከሆነ፣ ኤ ነው፣ ከላይ እንዳልኩት ቲው ይቀድማል። መመረዙ አልፎ የቀረው የኩላሊት ጉዳቱ ብቻ ከሆነና ሐኪሙ የድሮው መጋለጥ ያስከተለው ነው ካለ ግን ሲኩዌላ (ያለፈ ጉዳት ጥሎት የሄደ ችግር) ይሆናል፣ ያኔ ኤን14.3 ፊት ይመጣል፣ ቲ56.0ኤክስ1ኤስ ከኋላ። ቻርቱ ላይ ኪሌሽን ካላየሽና ጉዳዩ ከብዙ ዓመት በፊት ከሆነ ይሄኛው ነው የሚመስለኝ፣ ግን ሐኪሙ የሚጽፈው ቃል ይለየዋል።

የደም ግፊቱ ላይ ሲስተሙ ልክ ነው። መመሪያው ደም ግፊትና ሲኬዲ አንድ ላይ ካሉ ተያያዥ ናቸው ብሎ ይገምታል፣ ስለዚህ በነባሪው አይ12.9 (የደም ግፊት ከኩላሊት በሽታ ጋር) ከኤን18.32 ጋር ነው የሚሆነው። ያ ግምት የሚነሳው ሐኪሙ ሲኬዲው ከደም ግፊቱ አይደለም ብሎ በግልጽ ሲጽፍ ነው። «ሲኬዲ በእርሳስ ምክንያት» ማለቱ ብቻ የደም ግፊቱን አያስወጣም ብለው የሚመልሱ ኦዲተሮች አሉ፣ ስለዚህ በአንድ ክዌሪ ላይ ሁለቱንም ጠይቂው፦ ሲኬዲው ከደም ግፊቱ ጋር ይያያዛል ወይ፣ መመረዙስ አሁን ያለ ነው ወይስ የቀድሞው ያስከተለው። አይያያዝም ካለ አይ10 ትመልሺያለሽ፣ ከያያዘው አይ12.9 ይቆያል ኤን14.3ም አብሮ ይኖራል፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ስኳርም ያለበት ሰው ቢያጋጥምሽ ኢ11.22 ላይ ያው ግምት ነው የሚሰራው።